«የዘር ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ አባል የተደረገ ንግግር)




ከሁሉ አስቀድሜ፣ ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት ጥቂት ቃል እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የሒሳቡ ሪፖርት ረዘም ብሎ እንዳደከማችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም የማቀርበው ነገር የእድራችንን ገንዘብ ሳይሆን የእድራችንን ሰው የሚመለከት ስለሆነ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናችኋለሁ። እንደምታውቁኝ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በላቦራቶሪ ሙያ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ተመራማሪም አይደለሁም። ደም ስቀዳና ማይክሮስኮፕ ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ የምናገረውም አዋቂ ነኝ ለማለት ሳይሆን፣ አዋቂ መስዬ ያጠፋሁትን ለማረም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ከመካከላችን የአንዷን እናት ልጅ ለልጃቸው ሊያጩ አስበው ኖሯል። «ያ ሰውዬ ላቦራቶሪ የሠራ ነው፤ እሱን ጠይቁት» ብሎ የላካቸው ሰው አለ። ቡና ቀርቦላቸው ጥቂት ከተጫወትን በኋላ አንደኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የልጅቱ እናት እግራቸው ያበጠ ነው፤ ዝሆኔ ይሉታል። ይህ ነገር የዘር ነው ወይስ አይደለም?» አሉኝ። እኔም ስለ አንድ ጥናት ከሥራ ባልደረቦቼ ወሬ ሰምቼ ነበርና፣ ምናልባትም አዋቂ ለመባል ፈልጌ፣ «አዎን፣ የዘር ነው፤ በሳይንስ ተረጋግጧል» አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ጋብቻውም ቀረ።

በዚህም አላበቃም። ያልኩት ቃል ከሰው ሰው እየዞረ፣ ያች እናት ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ልትከትፍ ስትቀመጥ «አንቺ እረፊ» እየተባለ ቢላዋው ከእጇ ይወሰድባት እንደ ነበር ኋላ ሰማሁ። «እረፊ» የሚለው ቃል ደግ ይመስላል። እሷ ግን ምን ማለት እንደ ሆነ ገብቷታል።

ነገሩ እንቅልፍ ስለ ነሳኝ ጥናቱን ከሥር ከመሠረቱ ለመረዳት ተነሣሁ። ባነበብኩ ቁጥር ያልኩት ግማሽ እውነት እንደ ነበረና ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት እንደሚብስ ተረዳሁ። ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እናቲቱ ወዲያው ይቅር አሉኝ። ልጅቱ ግን «ጋሼ፣ እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ። ነገር ግን ቃሉ የወጣው በሰው ፊት ነውና የሚመለሰውም በሰው ፊት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስም ሳልጠራ እንድናገር ሁለቱም ፈቅደውልኛል። እነሆ ዛሬ ቃሌን ልመልስ ቆሜአለሁ።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ዝሆኔ የምንለው እግርን የሚያሳብጥ በሽታ ከአንድ በላይ ዓይነት አለው። በቆላ አገር በትንኝ አማካይነት በሚገባ ትል የሚመጣ አለ። በደጋውና በወይና ደጋው በብዛት የሚገኘው ግን ትልም ተሐዋሲም የሌለበት ሌላ ዝሆኔ ነው፤ ሳይንሱ ፖዶኮኒዮሲስ ይለዋል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን እግርንና ትቢያን ያጣመረ ነው። ይህን ስም የሰጡት በአገራችን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ የነበሩት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ዶክተር ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በየገጠሩ እየተዘዋወሩ ባደረጉት ጥናት፣ በሽታው ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን እንደሚይዝ አስረዱ። ከአፈሩ የሚወጡት ረቂቅ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ ይገባሉ። ሰውነት ከእነሱ ጋር ሲታገል የውስጡ የፈሳሽ መተላለፊያ ቧንቧ ይቆጣል፣ ይዘጋል፤ እግርም ያብጣል። ስለዚህ ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሳህን አይተላለፍም፤ በቢላዋም አይተላለፍም፤ አብሮ በመቀመጥም አይተላለፍም። ይህን በጥሩንባ ማስነገር ቢቻል ባስነገርኩ ነበር።

የበሽታውን ብዛት ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ በተደረገው ቅኝት ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተመርምረዋል። ከተመረመሩት ከ100 ሰው 4ቱ ላይ በሽታው ተገኝቷል። ዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ተነሥተው ባወጡት ስሌት በኢትዮጵያ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑ ጎልማሶች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ተገምቷል። በቅኝቱ ከተሳተፉት መሥሪያ ቤቶች አንዱ እዚሁ ጉለሌ ያለው፣ የሰፈሩ ሰው እስካሁን «ፓስተር» እያለ የሚጠራው፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም ብዙ ሰው የተያዘበት በሽታ ነው። እኛ ደግሞ ከየት የመጣን ነን? ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራው ወንድማችን ከየት መጣ? የኔ እናት ከየት መጣች? አብዛኞቻችን ከዚያው አፈር የተነሣን ነን። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ አገር ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልግባ። በአንድ መንደር ሁሉም በባዶ እግሩ ያርሳል፣ ሁሉም አንድ አፈር ይረግጣል። ግን የሚታመመው ጥቂቱ ነው። ከዚያም ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ይታመማል፤ ጎረቤቱ ደህና ነው። ለምን? ዶክተር ፕራይስ ገና እ.ኤ.አ. በ1972 የዘር ነገር ሊኖርበት እንደሚችል ጽፈው ነበር። ሰው ሁሉ ሲጠረጥረው የኖረውን ነገር በቁጥር ለመመዘን ግን 35 ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌይል ዴቪ ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሕሙማን ያሉባቸውን 59 ሰፋፊ ቤተሰቦች አጥንተው ውጤቱን አወጡ። የታማሚ ወንድም ወይም እኅት የሆነ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ታሞ ሌላው ሳይታመም የመቅረቱም ልዩነት ወደ 63 ከመቶው በዘር የሚገለጽ ነው አሉ።

እኔ ሰምቼ ያወራሁት ይህን ዓይነቱን ቁጥር ነው። 63 ከመቶ! «በቃ የዘር ነው» አልኩ። ስሕተቴም እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በምሳሌ ላስረዳችሁ።

ጉለሌ ላይ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ዝናቡ የሁላችንንም ጣራ እኩል ይመታዋል። አንዱ ቤት ያፈሳል፣ አንዱ ቤት አያፈስም። ልዩነቱ ከምን መጣ ቢባል መልሱ ከቆርቆሮው ነው፤ አንዱ ተበስቷል፣ አንዱ አልተበሳም። ዝናቡ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ልዩነቱ ሁሉ በቆርቆሮው ላይ ይወድቃል። ነገር ግን ዝናብ ባልዘነበበት አገር የተበሳ ቆርቆሮና ያልተበሳ ቆርቆሮ አንድ ናቸው፤ ማንም ቤት አያፈስም። 63 ከመቶ የተባለው የሁሉም ሰው እግር ባዶ በሆነበት፣ አፈሩ ሁሉንም እኩል በሚመታበት መንደር ነው። ዘሩ ቆርቆሮው ነው፤ አፈሩ ዝናቡ ነው። ጫማ ያደረገች ልጅ ዝናብ የሌለበት አገር እንደምትኖር ቁጠሯት። እኔ ለሽማግሌዎቹ ስለ ቆርቆሮው ነግሬ ስለ ዝናቡ ሳልነግራቸው ላክኋቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የሥራ ጉዞ ነው። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ ይባላሉ። ሙያቸው የዘር ስታቲስቲክስ ነው፤ ማለትም በዘር የሚወረሰውን ነገር በቁጥርና በስሌት የሚመረምር ትምህርት። እሳቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤትና በእንግሊዝ አገር በሚገኘው በብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት በኩል በዚህ በሽታ ላይ ሲሠሩ፣ በመጀመሪያ ካሳተሟቸው ጽሑፎች መካከል ስለ ደም ሳይሆን ስለ ፈቃድ የተጻፉ ይገኙባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጥናታቸው የሚጠይቀው፣ በሰው ዘንድ የተናቀና የተገለለ በሽተኛ ስለ ዘሩ ጥናት ፈቃዱን ሲጠየቅ ምን ይሰማዋል የሚለውን ነው። ያገኙትም መልስ ዛሬ እኔን የሚያሳፍር ነው። ሕሙማኑ ከሚፈሩት ነገር አንዱ፣ ጥናቱ «በሽታው የዘር ነው» የሚለውን ወሬ አጠንክሮ ቤተሰባቸውን የበለጠ ያስገልላል የሚል ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፤ እኔ ያደረግሁትን ነገር ሰዎቹ አስቀድመው ፈርተውት፣ ተመራማሪዎቹም አስቀድመው ጽፈውት ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን ብቻ ሰምቼ ማስጠንቀቂያውን አልሰማሁም።

ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። ይህን ለመረዳት የእድራችንን ገንዘብ ያዥ አስቡ። በሚመጣው ዓመት የማን ደጃፍ ድንኳን እንደሚተከል አያውቁም፤ እሱን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። ነገር ግን 300 አባወራ ባለበት እድር ውስጥ በዓመት ስንት ድንኳን እንደሚተከል በግምት ያውቃሉ፤ መዋጮውንም በዚያው ይተምናሉ። ስታቲስቲክስ ማለት ይኸው ነው። ስለ ብዙ ሰው ብዙ ያውቃል፤ ስለ አንድ ሰው ግን «እሱ ነው» ብሎ ጣት አይቀስርም። በዚህ ዓመት ከታችኛው መንደር ብዙ ለቅሶ ቢኖር፣ ከታችኛው መንደር ያለ ሰው ሁሉ ሟች ነው የሚል አለ? የለም። የዘር ስታቲስቲክስም እንዲሁ ነው።

ዘረ መል የምንለው ነገር በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ የተጻፈ መመሪያ ነው። የሰው ልጅ ሙሉ ጽሑፍ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል አለው፤ በውስጡም ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉ ወደ 20 ሺህ የሚሆኑ ዘረ መሎች አሉ። በፈረንጅ አፍ ጂን ይሉታል፤ እዚህ ሰፈር ጂን ሲባል ሌላ ነገር ስለሚታሰብ እኔ ዘረ መል ማለቱን መርጫለሁ። ተመራማሪዎቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች ወስደው ከ5 መቶ ሺህ በላይ ነጥቦች ላይ የሁለቱን ወገን ጽሑፍ አነጻጸሩ። ጥያቄው፣ የትኛው ፊደል በሕሙማኑ ዘንድ በዝቶ ይገኛል የሚል ነው።

እዚህ ላይ ትልቅ ወጥመድ አለ። አንድ ሰው ሳንቲም ወርውሮ ዐሥር ጊዜ በተከታታይ ዘውድ ቢወጣለት «ይህ ሳንቲም ተንኮል አለበት» እንላለን። ነገር ግን 5 ሺህ ሰው ሰብስበን እያንዳንዱ ዐሥር ጊዜ ቢወረውር፣ በአጋጣሚ ብቻ ወደ 5 የሚሆኑ ሰዎች ዐሥሩንም ጊዜ ዘውድ ያገኛሉ። ተንኮል የለም፤ ሙከራው ስለ በዛ ነው። 5 መቶ ሺህ ቦታ የሚፈትሽ ሰውም በአጋጣሚ ብቻ ብዙ ሐሰተኛ ምልክት ያገኛል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ሚዛኑ እጅግ ጥብቅ ነው፤ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ከ20 ሚሊዮን አንድ ያህል ካልሆነ አይቀበሉትም። ይህን ሚዛን ያለፈ ነገር ተገኘ። በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ኤች ኤል ኤ በሚባለው አካባቢ ያለ አንድ ምልክት በሕሙማኑ ዘንድ በዝቶ ታየ፤ ሚዛኑም ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ አጋደለ።

ይህም ሆኖ አላመኑም። ምናልባት ሕሙማኑና ጤነኞቹ ከተለያየ ወገን የመጡ ቢሆኑ ልዩነቱ ከበሽታው ሳይሆን ከትውልዳቸው ሊሆን ይችላል። ይህን ለማጣራት በ202 ቤተሰቦች ውስጥ አባትን፣ እናትንና ልጅን አንድ ላይ መረመሩ። ወላጅ ካለው ሁለት ቅጂ ለልጁ የሚሰጠው አንዱን ነው፤ ይኸውም እንደ ዘውድና ጎፈር ነው። ምልክቱ ከበሽታው ጋር ግንኙነት ባይኖረው ለታመመው ልጅ የሚደርሰው ግማሹን ጊዜ ብቻ በሆነ ነበር። ከግማሹ ጊዜ በላይ መድረሱ ግን ግንኙነቱን አሳየ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በጽሑፉ ላይ ከዶክተር ፋሲል ጋር የዶክተር ዴቪ፣ የናይጄሪያውያኑ የቻርልስ ሮቲሚና የአዴቦዋሌ አዴየሞ፣ የሌሎችም ስም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ቴዎድሮስ ገብረሥላሴና ባልደረቦቹ ያንኑ አካባቢ በአማራ፣ በኦሮሞና በወላይታ ሕዝብ ዘንድ ዳግመኛ አገኙት። «የእነ እገሌ ዘር በሽታ ነው» ለሚለው ሐሜት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ ምልክቱ የሁላችንም ዘንድ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ይህ ምልክት እያለባቸው በሕይወታቸው ያልታመሙ ብዙ ሰዎች አሉ። ምልክቱ ሳይኖርባቸው የታመሙም አሉ። ኤች ኤል ኤ የሚባለው አካባቢ በሽታን የሚፈጥር ክፉ ነገር አይደለም። ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባ ለይቶ ለወታደሮቹ የሚያሳይበት ሥርዓት ነው፤ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ እንደሚያይ ዘበኛ ቁጠሩት። የአንዳንዱ ሰው ዘበኛ ለአፈሩ ብናኝ ይበልጥ ይቆጣል፤ የአንዳንዱ ዝም ይላል። ብናኙ በሩ ጋ ካልደረሰ ግን ሁለቱም ዘበኞች ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

የዶክተር ፋሲል ጉዞ በዚህ አልቆመም። ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሄደው፣ ኋላም በዚያው በሕፃናት ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ የራሳቸውን የምርምር ቡድን መሥርተው፣ ስለ ጽንስ ዕድገትና ስለ እንግዴ ልጅ ይመረምራሉ። ጥያቄው ከአፈር ወደ ማሕፀን የዘለለ ይመስላል፤ ነገር ግን መሠረቱ ያው ነው። ዘረ መል ከአካባቢው ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል? አሁን ግን የሚጠየቀው መመሪያው ምን ይላል ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ገጽ ተከፍቶ እየተነበበ ነው የሚል ጭምር ነው።

ይህንንም በእድራችን ላስረዳ። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ በእያንዳንዱ አባል ቤት አለ፤ ሁላችንም ያለን አንድ ዓይነት ቅጂ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ያዡ የሚያነበው የመዋጮውን ገጽ፣ ጥሩንባ ነፊው የጥሪውን ገጽ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው የድንኳኑንና የወንበሩን ገጽ ነው። የጉበት ሕዋስና የቆዳ ሕዋስም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው የተለያየ ገጽ ያነባሉ። የሚነበበው ገጽ በሕዋሱ ውስጥ አር ኤን ኤ በሚባል ነገር ይገለበጣል፤ ተመራማሪው ግልባጩን ቆጥሮ የትኛው ዘረ መል እየሠራ እንደ ሆነ ያውቃል።

ድሮ ይህ ቆጠራ የሚደረገው ብዙ ሕዋስ አንድ ላይ ተፈጭቶ ነበር። ለቅሶ ቤት ከየቤቱ የመጣውን ወጥ ሁሉ አንድ በርሜል ውስጥ ገልብጣችሁ ብትቀምሱት ምን ታውቃላችሁ? ጨው መብዛቱን ታውቁ ይሆናል፤ ጨው ያበዛችው ማን እንደ ሆነች ግን አታውቁም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን የአንድን ነጠላ ሕዋስ ግልባጭ ለብቻው ማንበብ ተቻለ፤ ማለትም እያንዳንዱን ድስት ለብቻው መቅመስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የሰውን ሕዋሳት ሁሉ በዚህ መንገድ ለመመዝገብ የተነሣ ዓለም አቀፍ ሥራ ተጀመረ። በሰውነታችን ውስጥ ከ30 ትሪሊዮን በላይ ሕዋሳት አሉና ሥራው ቀላል አይደለም። እዚህም ላይ ስታቲስቲክስ ግድ ነው፤ ከአንድ ሕዋስ የሚገኘው ግልባጭ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሕዋሳት ተጠንተው ካልተነጻጸሩ አጋጣሚው ከእውነቱ አይለይም።

ይህ ለዝሆኔ ምን ይጠቅማል? የ2012ቱ ጥናት የሚቆጡት ወታደሮች ቲ ሕዋስ የሚባሉት ሳይሆኑ እንዳልቀረ ጠቁሟል። ስታቲስቲክሱ መንደሩን አሳይቷል፤ ቤቱን ለይቶ ማንኳኳት ደግሞ የነጠላ ሕዋስ ጥናት ሥራ ነው። ባበጠው እግር ቆዳ ውስጥ የትኛው ሕዋስ፣ የትኛውን ገጽ፣ መቼ እንደሚከፍት በትክክል ከታወቀ፣ ያን ገጽ የሚዘጋ መድኃኒት ለመፈለግ መንገድ ይከፈታል።

ከዚህ ሁሉ ምን ተማርኩ? ዋናው ነገር ሳይንስ በአንድ ቃል እንደማይነገር ነው። ከ1972 እስከ 2021 ወደ 50 ዓመት የፈጀ ሥራ፣ የስንት ሰው ድካም፣ የስንት ባላገር ደም፣ የስንት እናት ፈቃድ ያለበትን ነገር እኔ ቡና እየጠጣሁ በሁለት ቃል ጨረስኩት። «የዘር ነው።» በአገራችን ዘር የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ አጥንት ያስቆጥራል፣ ጋብቻ ያፈርሳል፣ ከማዕድ ያስነሣል። ሳይንቲስቱ ዘር ሲል ዕድልን ማለቱ ነው። ሰፈራችን ዘር ሲል ፍርድን ማለቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል ሳላይ ሰው ገፍትሬ ጣልኩ።

እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ ተመልሰው ቢጠይቁኝ እንዲህ እላቸዋለሁ። «አባቶቼ፣ የሚወረሰው ቶሎ የመቆጣት ጠባይ እንጂ በሽታው አይደለም። በሽታው እንዲመጣ ቀይ አፈር፣ ባዶ እግርና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። ይህች ልጅ ጉለሌ ተወልዳ፣ ጫማ አድርጋ ያደገች ናት። ልጆቿም ጫማ አድርገው ያድጋሉ። የእናቷም እግር ቢሆን ይታከማል።»

አዎን፣ ይታከማል። በየቀኑ እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ሐኪም እንዳሳየው በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን ያደረጉት ሕሙማን፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚያውለው ትኩሳትና የእግር ቁጣ ሕክምናው ገና ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶላቸዋል። በጊዜ ከተጀመረ ደግሞ እብጠቱም ይጎድላል።

በመጨረሻም ለጉባኤው ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በለቅሶ ቤት የሥራ ተራ ላይ ማንም እናት በእግሯ ምክንያት «እረፊ» እንዳትባል በቃለ ጉባኤ ይያዝልን። ደክሟት ራሷ ካላረፈች በቀር ቢላዋዋ ከእጇ አይወሰድባት። ሁለተኛ፣ ለአዲስ ዓመት ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ዘመድ ጥየቃ የምንሄድ ሁሉ ከያዝነው ስጦታ ጋር ለልጆች ጫማ ጨምረን እንሂድ። አንድ ጥንድ ጫማ ከአንድ መርከብ መድኃኒት ይበልጣል። ሦስተኛ፣ እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ካለ ሳይደብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ብቻውን መሄድ የከበደው ቢኖር እኔ አብሬው እሄዳለሁ። ቤቴን ታውቁታላችሁ።

እድር የተቋቋመው ሰው ሲሞት ብቻ ለመሰብሰብ አይደለም። ሰው በቁሙ እንዳይቀበርም ነው። ያን ቀን በአንዲት ቤት ላይ አፈር ከጨመሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ዛሬ በፊታችሁ ቃሌን መልሻለሁ። እዚያ ከኋላ ወንበር የተቀመጣችሁት እናቴ፣ በሚመጣው ለቅሶ ሽንኩርቱን እኔ እልጣለሁ፣ እርስዎ ይከትፉታል።